ያልቀመሰችው ማጥቀሻ

አበባይሽ ሆላንድ ውስጥ ሆግቭሊት በሚባል ሰፈር በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ወለል ስትወለውል ዓመታት አልፈዋል። ሐሳቧ ግን ሁልጊዜ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ሼፉ ሩድ፣ «ዛሬ ለእራት ከሥጋው ጎን የሚቀርበው ያንቺ ነው፤ ከወደዱልሽ መወልወያውን ትሰቅያለሽ» አይላት መሰላችሁ! ልቧ ዘለለ።

ካሮቱን፣ ቀይ ሥሩንና ነጭ ካሮት የሚመስለውን ፓስቲናክ እንደ ድንች ጥብስ ቀጠን ረዘም አድርጋ ከትፋ፣ በዘይት ለውሳ ምድጃ ከተተችው። ጠርዙ ጠየም ሲል ሽታው ብቻውን ያጠግባል። ጣጣው የመጣው ማጥቀሻው ላይ ነው። እርጎና ማዮኔዝ! ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ።

«ቀምሰሽ ትፊዋ» አለቻት አረጋውያኑን የምትንከባከበው ጓደኛዋ ማናለብሽ።

«እግዜርም እንደ ሩድ ጀርባውን እስኪያዞር ልጠብቅ? ይልቅ አንቺ ጴንጤዋ፣ ምላስሽን አውሺኝ።»

ማናለብሽ እየሳቀች በማንኪያ ላስ አደረገች። «ኧረ አልጫ ነው እቴ! ሰናፍጭ ጨምሪበት።» ጨመረች። «አሁንም ገና ነው።» ደግማ ጨመረች።

ሩድ መጥቶ ቀመሰ። ፊቱ ቀይ ሥሩን መሰለ። ሳሉ ሲለቀው፣ «ቀምሰሽው ነበር?» አላት።

«አዎ» ማለት ትችል ነበር፤ ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ለፈጣሪ ብላ የተወችውን ነገር በውሸት ልትሸፍነው? መወልወያው ዓይኗ ላይ እየዞረ፣ «አልቀመስኩም፤ ጾም ላይ ነኝ» አለች።

ሩድ ራሱን አከከ። «ያልተቀመሰ ምግብ ከዚህ አይወጣም። የምትቀምሺውን ሥሪ።»

ዞር ስትል ዳቦ ላይ የሚነሰነሰው የተላጠ ሱፍ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። በፈላ ውሃ ዘፍዝፋ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሎሚ ጋር ፈጨችው። እንደ ክሬም ነጭና ለስላሳ ሆነ። የጾሙ ሰዓት አልፎ ነበርና ቀመሰች። ጨው ነካ አድርጋ ደግማ ቀመሰች። ስንት ዓመት የሰው ወለል ስታሳምር፣ «ይሄ የኔ ነው» ያለችው ነገር አልነበረም።

እራት ላይ ሰሃኖቹ ተጠርገው ተመለሱ። አንዲት አሮጊት ብቻ እጃቸውን አነሱ። «ግሩም ነው ልጄ፤ ማዮኔዙስ የታለ?»

አበባይሽ ደንግጣ ሩድን አየችው። እሱ ግን ሽርጡን እየፈታ ፈገግ አለ።

«ነገ ማዮኔዙንም ትሠሪላቸዋለሽ። እስከ ፋሲካ እኔ እቀምስልሻለሁ። የጓደኛሽን ምላስ ግን አደራ፣ እንዳታመጪብኝ!»