በእናቴ ተራ

ዛሬ ጠዋት እናቴ በረኪና ስትቀዳ ሽታው ያን ቅዳሜ አመጣብኝ።

ጅግጅጋ ነው፤ ገና ልጅ ነኝ። እናቴና ሌሎች አገልጋይ እናቶች የመዘምራኑን ነጭ ልብስ እያጠቡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በየተራ ቤተ ክርስቲያኑን ይጠርጉ ነበር። የዚያን ቀን ተረኛዋ እናቴ ነበረች። እኔን ግን ትኩሳት ያዘኝ። ጓደኛዋ እትዬ አልማዝ የሚታጠበውን ልብስ በዘንቢል ይዛ መጣች።

«አንቺ እዚሁ ሆነሽ እጠቢው፤ ልጅሽንም አስታሚ። ጠረጋውን እኔ እሄድልሻለሁ» አለቻት።

ረፋዱ ላይ ጩኸት ሰማን። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ጥቁር ጭስ ወጣ። በሶማልኛ ኤዶ፣ አክስቴ፣ እያልኩ የምጠራት ሶማሌዋ ጎረቤታችን ኤዶ ሃሊማ እየሮጠች መጥታ «ቤተ ክርስቲያኑን እያቃጠሉት ነው፤ ወደዚህም ይመጣሉ» ብላ ቤቷ ደበቀችን።

እትዬ አልማዝ አልተመለሰችም።

ከቀብሯ መልስ እናቴ ሳፋው ውስጥ ተዘፍዝፎ የቆየውን ልብስ ማጠብ ጀመረች። ልብሱ ነጥቶ እንኳን በረኪና ትጨምርበታለች። እጇ ተላጠ።

«እማዬ፣ ነጥቷል እኮ» አልኳት።

ቀና ብላም አላየችኝ። «ልጄን ብዬ የሰው ልጅ አስበላሁ» አለች።

የተቆጣችኝ መስሎኝ ከአጠገቧ ተነሳሁ።

አሁን ታናሽ እህቴ ትኩሳት ይዟት ተኝታለች። ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ የማደርገው እኔ ነኝ። እናቴ መጥረጊያዋንና በረኪናዋን ይዛ ወጥታለች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ፣ ማናችንም ብንታመም፣ ተራዋን ለሰው ሰጥታ አታውቅም።