ከኮምፔንሳቶው ጀርባ

የሥራ ጓደኞቿ «ሚሊሜትር» ይሏታል። አናጢ ናት፤ በሰዎች ጓሮ፣ ከዋናው ቤት ፈንጠር ብለው የሚቆሙ ባለ አንድ ክፍል ቢሮዎችን ትሠራለች። ስሟን ያስጠራው ግን ሰው የማያየው ሥራዋ ነው፤ ብርድ እንዳያስገባ በግድግዳው እንጨቶች መሀል የሚገባውን ደረቅ የፎም ሰሌዳ እንደ እሷ አጥርቶ የሚቆርጥ አልነበረም።

መጋዝ አታስነካውም፤ መጋዝ ይፈረፍረዋል፣ ጠርዙን አይጥ የበላው ያስመስለዋል። የብረት ማስመሪያዋን በጉልበቷ ተጭና፣ በአዲስ ምላጭ መጀመሪያ በስሱ፣ ቀጥሎ ጠለቅ አድርጋ ትስባለች። ከዚያ ሰሌዳውን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አሳርፋ በመዳፏ መታ ስታደርገው ቀጭ ብሎ ይለያል።

«ትንሽ ታግሎህ ከገባ ልኩ ነው» ትለው ነበር ታናሽ ወንድሟን። «ዘው ካለልህ ብርዱም ዘው ይላል።»

ከእናታቸው ሞት ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሙያውንም እሷው አስተማረችው። አግብቶ ሁለት ልጆች ከወለደ በኋላም አብረው ይሠሩ ነበር።

ለአንድ ተርጓሚ ቢሮ ሲሠሩ ጉልበቷን አሟት አንድ ሳምንት ተኛች። ከመተኛቷ በፊት የጀርባውን ግድግዳ ሰሌዳዎች በሙሉ ቆርጣ፣ በእርሳስ ቁጥር ጽፋባቸው ደርድራለት ነበር። ስትመለስ ግድግዳው በኮምፔንሳቶ ተሸፍኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ጠበቃት።

«እንዴት ነው፣ እታለም?»

«እጅህ ይባረክ» አለችው፤ አልመረመረችም።

ብርዱ ሲገባ ተርጓሚው ደወለ። «እኅቴ፣ ግድግዳው ያልባል። መዝገበ ቃላቶቼ ሻገቱ።»

«የኛ ግድግዳ አያልብም፣ ጋሼ። መስኮት ስለማይከፍቱ ነው።»

ሦስት ጊዜ ደወለ፤ ሦስቴም መለሰችው። በአራተኛው ልታሳፍረው ሄዳ ኮምፔንሳቶውን ፈታች። በመጋዝ የተዘነጣጠለ የፎም ቁርጥራጭና የተጠቀጠቀ ፌስታል እግሯ ላይ ዝርግፍ አለ። ተርጓሚው ጎንበስ ብሎ ፌስታሉን ይለቅም ጀመር፤ ይኼ ነው የባሰባት።

ከዚያ በቀጥታ ወንድሟ ቤት ሄደች። ለልጆቹ አዲስ ክፍል ቀጥሎ ነበር፤ ግድግዳው ገና አልተሸፈነም። ከአንድ እስከ አሥራ አራት፣ በገዛ እጇ የጻፈቻቸው ቁጥሮች እንደ ተሰለፉ አፍጥጠው አዩዋት።

«እነግርሽ ነበር፣ እታለም» አለ ወንድሟ ከኋላዋ። «ልጆቹን በረዳቸው። ደግሞ ማን ያየዋል ብዬ…»

«ብትጠይቀኝ እከለክልህ ነበር?»

«አትከለክይኝም።»

«ታዲያ?»

«እስከ መቼ ካንቺ እየለመንኩ ልኑር?»

ቀስ ብላ፣ «እኔ ያን ሰው ሦስቴ የመለስኩት አንተን አምኜ ነው» አለችው። ሰርቋት ብቻ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን በስሟ የሰው ቤት ውስጥ ቆሻሻ ቀበረ።

ከልጆቹ ግድግዳ አንድም ሰሌዳ አልነቀለችም። ለተርጓሚው አዲስ ቆርጣ፣ ብቻዋን አራት ቀን ሠርታ ገጠመችለት። መጨረሻ ላይ፣ «ሳላይ ነው የመለስኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ» አለችው።

ዛሬ ከሌላ አናጢ ጋር ትሠራለች። ወንድሟ ሲደውል ታነሳለች፣ ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች። ሥራ ሲያነሳባት ግን፣ «በል ደህና ዋል» ትልና ትዘጋዋለች።