ምሳ የበላሁበት ጾም

ባለፈው ማክሰኞ የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ ስከፍት የምሳ ዕቃዋን እንደሞላ አገኘሁት። ጠዋት በእጄ የሠራሁት የኦቾሎኒ ቅቤ ሳንድዊች አልተነካም፤ ጠርዙ ደርቆ ቢወረወር ሰው ይፈነክታል። ምነው አልኳት። ከስልኳ ቀና ሳትል «አይም ፋስቲንግ፣ ማም» አለችኝ። ቀጥላም አባቷ እንደነገራት እኔ በልጅነቴ ጾሙ አቅቶኝ ምሳ እበላ እንደነበር፣ እሷ ግን እንደኔ እንደማትሸነፍ በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አፏ የኔ ነው፣ ሌላው የአባቷ።

ሳንድዊቹን እንደያዝኩ ኬንት ከተማ ያለው ኩሽናዬ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። የሃያ ምናምን ዓመት ሽታ መጣብኝ። የካፌቴሪያ ፒዛ፣ የድንች ዘይት፣ ወለሉ የሚወለወልበት ሎሚ ሎሚ የሚል መድኃኒት። አባቷ ሳሎን ሆኖ ኳስ ያያል። ስለዚህ ለሱ ሳይሆን ለናንተ ልንገራችሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር ነበር፤ ባቡሩ ገና አልመጣም፣ ሁሉም ሰው አውቶብስ ነው የሚጠብቀው። እኔና እማዬ ብቻ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ። እማዬ ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በዛ ሰፈር ከኔ በላይ የሚያወራ፣ ከኔ በላይ የሚያስቅ፣ እውነቱን ከተናገርን ከኔ በላይ ቆንጆ ልጅ አልነበረም። የሚጠራጠር ካለ ፎቶ አለኝ። የአማርኛ ፊደል እንኳን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከእማዬ የጸሎት መጽሐፍ ላይ እየገለበጥኩ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። አስተማሪ ቢኖረኝ ኖሮ የት እደርስ ነበር ይሉኛል። እኔ ግን የማዝነው ለአስተማሪው ነው፣ ምን የመሰለች ተማሪ አመለጠችው።

ቤተ ክርስቲያናችን የፈረንጆች አዳራሽ ተከራይታ ነበር የምትቀድሰው። ታች ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ሰማያዊ ምንጣፍ ላይ፣ እኛ ልጆች እንማራለን። አባ ወልደ ሰንበት የሁላችንም የንስሐ አባት ናቸው፤ እሁድ ይቀድሳሉ፣ በሳምንቱ ዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ቲኬት ይቀበላሉ። የዛን ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ያስተማሩት ትምህርት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የክርስቲያን ኑሮ ውጊያ ነው፣ ጠላት አይተኛም፣ ጾም ጋሻ ነው፣ ጸሎት ጦር ነው አሉ። ሌላው ልጅ ስብከት ሰማ። እኔ የሰማሁት ክተት ነው።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስገባ ወታደር ሆኜ ነው። ሰይጣንን በዓይኔ አየሁት ብዬ ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ ካፌቴሪያው ውስጥ ፒዛ ላይ ተቀምጧል፣ አርብ አርብ ደግሞ ቸኮላት ወተት ይዞ ይመጣል። አንድ ጠረጴዛ ሙሉ አበሻ ልጆች ነበርን፤ እነሱ ድንቻቸውን፣ ሳንድዊቻቸውን፣ ብርቱካናቸውን ይበላሉ። እኔ ባዶ ትሪ ይዤ መሀል እቀመጥና የሚበሉትን እሰብካለሁ። እንዴት እንዳልጠሉኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እሁድ እሁድ የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ማን እስከ ስንት ሰዓት እንደጾመ ይጠይቀናል። ለማበረታታት ነው፣ ክፋት የለውም። ግን ናሆም የሚባል ልጅ ነበር። ከኔ እኩል ነው፣ ያው ትምህርት ቤት፣ ያው ጠረጴዛ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ። እሱ ከትምህርት ቤት እስክመለስ አልበላም አለ። እኔ ደግሞ እማዬ ከሥራ እስክትመለስ አልኩ። በሳምንቱ እሱም እናቱ እስክትመለስ ሲል፣ እኔ ቁርስም ምሳም ትቼ እስከ ራት፣ ውሃም ሳልጠጣ ብዬ ዘጋሁት። ልጆቹ አጨበጨቡ። ናሆም ራሱ ከዛን ቀን ጀምሮ «ጄኔራል» ይለኝ ጀመር፣ በቅናት። እማዬ በጠዋት ስለምትወጣ የማልበላውን አታይም፤ የምትቋጥርልኝን ምሳ አውቶብስ ላይ ለሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ እሰጠዋለሁ። እሱ ሰውዬ ያን ጾም ወፍሯል።

ሶ፣ በሦስተኛው ሳምንት ስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳውን አራት ዙር ሩጡ ተባልን። ሁለቱን እንደ ንፋስ ሮጥኩ። ሦስተኛው ላይ ሣሩ ራሱ ተነስቶ ወደኔ መጣ። ስነቃ የትምህርት ቤቱ ነርስ ክፍል ተኝቻለሁ፣ ብርቱካን ጭማቂ አፌ ላይ ነው። ነርሷ መጨረሻ የበላሽው መቼ ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ በኩራት፣ ትናንት ማታ። ቤት ውስጥ ምግብ አለ ወይ ስትለኝ፣ ጀግና ለመምሰል የተናገርኩትን አስቡት። እኛ ቤት አሁን አይበላም፣ አልኳት። ጠላት ለማሸነፍ ነው፣ ብዬም ጨመርኩበት። ስለ ጾም ግን አንድ ቃል አላነሳሁም፤ ተገርማ እንድትጠይቀኝ ፈልጌ ነበር። አልጠየቀችም። ጻፈች።

እማዬን ኮል አደረጉላት። የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሰች መጣች፤ እጇ የሳሙና ሽታ አለው። በሚቀጥለው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ አንዲት ሴት ቤታችንን ለማየት እንደምትመጣ ነገሯት። ቤት እንደገባን ፍሪጁን ከፍታ ቆመች፣ ቁምሳጥኑን ከፈተች፣ ምስሩን፣ ሩዙን፣ ዘይቱን ጠረጴዛ ላይ መደርደር ጀመረች። ሴትየዋ ልትመጣ ስድስት ቀን ይቀራል።

«ይወስዱሻል» አለችኝ፣ ወደኔ ሳትዞር። «ልጇን አታበላም ብለው ከኔ ይወስዱሻል።»

እኔ እናቴን ፈርታ አይቻት አላውቅም ነበር። ሁለት ሥራ የምትሠራ፣ በረዶ ላይ በሸራ ጫማ የምትሄድ ሴት ናት። ያን ቀን የምስር ከረጢት እንደ ማስረጃ ስትደረድር ሳይ፣ የኔ ጦርነት የገደለው ሰይጣንን እንዳልሆነ ገባኝ። ገባኝ ስል ግን ሆዴ ውስጥ ነው፤ አፌ ገና እየተከራከረ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ወደ አባ ወሰደችኝ፣ ፓርኪንግ ጋራዡ ድረስ። በመስታወት ቤታቸው ውስጥ የድርጅቱን ጃኬት ለብሰው ተቀምጠዋል፣ መስቀላቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። እማዬ ተሳልማ፣ አባቴ ይቺን ልጅ ይምከሩልኝ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው። በመሀል መኪና ሲመጣ ይቅርታ ይሉና ቲኬት ይቀበላሉ፣ ለፈረንጁ መልካም ቀን ይመኛሉ፣ ወደኛ ይዞራሉ። ስትጨርስ እኔን አዩኝ።

«ማንን ለማሸነፍ ነው የምትጾሚው?»

«ሰይጣንን።»

«ናሆምስ?»

እንዴት እንዳወቁ አላውቅም፤ ምድር ቤቱ ውስጥ የሚጮኸው ሁሉ እላይ ይሰማ ነበር መሰለኝ።

«አየሽ» አሉኝ፣ «አንቺ በፊት ለፊቱ በር ጋሻሽን ይዘሽ ቆመሻል። ጠላት በጓሮ ገብቶ ሳሎን ተቀምጧል።»

ቀኖናዬን ሰጡኝ። እስከ ፋሲካ ድረስ በየቀኑ፣ በምሳ ሰዓት፣ እዛው ጠረጴዛ ላይ፣ ሁሉም እያየኝ ምሳዬን እበላለሁ። የጾም ምግብ ነው፣ ሥጋም ወተትም የለበትም፣ ግን እበላለሁ። ማን እንዳዘዘኝ ለማንም አልናገርም። ቢሰድቡኝ አልመልስም። ለምትመጣው ሴት ደግሞ እውነቱን ራሴ እነግራታለሁ፣ እማዬ ሳትሆን እኔ።

እኔ ይሄንን ስሰማ መደራደር ጀመርኩ። አባ፣ ስግደት ይስጡኝ አልኳቸው። መቶ ስግደት። ወዲያው አምስት መቶ አደረስኩት።

«ስግደቱንም ትቆጥሪዋለሽ» አሉና ሳቁ። ከዛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይሄን በራስሽ ጉልበት አትችይውም አሉኝ፤ ማንም አይችለውም፣ እኔም አልችለውም። ጉልበቱ የሚለመን ነው። መልስ አፍሽ ላይ ሲመጣ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ያዘኝ» በይና ጉረሺ። በቃ። ከኋላችን ሦስት መኪና ቆሞ ክላክስ ያደርጋል።

ሰኞ ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩ። እማዬ የሽምብራ አሳ በዳቦ አድርጋልኛለች፣ የቃሪያው ሽታ ጠረጴዛውን ሞላው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ናሆም ብድግ አለና ለካፌቴሪያው በሙሉ፣ ጄኔራሏ እጇን ሰጠች ብሎ አወጀ። እዚህ ጋ አፌ ላይ የመጣልኝን መልስ ብነግራችሁ ወረቀቱ ይቃጠላል። ሦስት ነበሩ፣ አንዱ ስለ ድዱ ነው። ጌታ ሆይ አንተ ያዘኝ አልኩና ጎረስኩ። ሌላ ተናገረ፣ ሌላ ጎረስኩ። በሕይወቴ እንደዛ በፍጥነት በልቼ አላውቅም።

ሐሙስ ሴትየዋ ቤታችን መጣች። እማዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጉልበቷ መሀል ከታለች። እኔ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። እናቴ ሁልጊዜ ምሳ እንደምትቋጥርልኝ፣ ለሰው እንደምሰጠው፣ ከጓደኛዬ እበልጣለሁ ብዬ እንደሆነ፣ ለነርሷም ጀግና ለመምሰል እንደዋሸሁ። ከፒዛው ይሄ ይከብድ ነበር። ሴትየዋ ጽፋ ጽፋ ስትጨርስ ፍሪጁን እንኳን አልከፈተችም፤ እማዬን እጇን ጨብጣት ሄደች፣ በሳምንቱ ጉዳዩ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። በሩ ሲዘጋ እማዬ ያን ሁሉ የተደረደረ ምስርና ሩዝ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ደግሞ አሁን ማን ይመልሰዋል?» አለች። አብረን መለስነው።

ዋናው ውጊያ ግን የሆሳዕና ሰሞን ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ አስተማሪያችን እንደተለመደው ሲጠይቅ ናሆም እጁን አወጣና፣ ፀዳለ በየቀኑ ምሳ ትበላለች አለ። ምንጣፉ ላይ ያለው ልጅ ሁሉ ዞረብኝ። ወላጆችም አሉ። እና በሩ ላይ፣ ከቅዳሴ ወጥተው የደረሱት አባ ወልደ ሰንበት ቆመዋል።

አየኋቸው። አንድ ቃል ቢናገሩልኝ፣ ኧረ ራሳቸውን እንኳን ቢነቀንቁ፣ ነጻ እወጣለሁ። ጭራሽ ከነጻም በላይ፣ የታዘዘች ታዛዥ ልጅ ተብዬ ይጨበጨብልኛል። እሳቸው ግን ሰማያዊውን ምንጣፍ ያያሉ። አፌ ላይ «አባ ናቸው ያዘዙኝ» የሚለው ተሰልፎ ቆሟል፣ እውነትም ነው፣ ውሸት የለበትም። የሚጎረስ ዳቦ ደግሞ በእጄ የለም። ጌታ ሆይ፣ አንተ ያዘኝ አልኩ፣ በባዶ አፍ።

«አዎ፣ እበላለሁ» አልኩና ተቀመጥኩ።

አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ። አስተማሪው ወደ ሌላው አለፈ። እኔ ግን ውስጤ ከበሮ ነው የሚመታው። ያ ሳሎን ተቀምጦ የነበረው እንግዳ ብድግ ብሎ በመጣበት በጓሮ ሲወጣ ጀርባውን አየሁት ማለት እችላለሁ። ሲወጣ እንኳን ደህና ሁኚ አላለኝም። በዛ ሁሉ ጾም የተጠቀምኩበት ጉልበት የኔ አልነበረም፤ የኔ የሆነውን ጉልበት አውቀዋለሁ፣ አራት ዙር እንኳን አልሮጠም።

የፋሲካ ዕለት መስቀል ልሳለም ስቀርብ አባ ዝቅ ብለው በጆሮዬ፣ «ዘንድሮ ጾምሽ» አሉኝ። ከዛ በኋላ ዲፕሎማ ወስጃለሁ፣ የአውቶብስ መንጃ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ያን ትልቅ ባለ ተጎታች አውቶብስ ሊንውድ ድረስ በበረዶ ነድቻለሁ። እንደዛች ቃል ያለ ግን የለኝም።

ናሆምስ ትሉኛላችሁ። ሳሎን ኳስ የሚያየው ማን መሰላችሁ? ስንጋባ፣ ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ጀርባ ቺፕስ ይበላ እንደነበር ነገረኝ፣ ይቅርታም ጠየቀኝ። እኔም ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር፤ አባ ያሉኝ እስከ ፋሲካ ነው። ግን ሲጣፍጠኝ ጊዜ ቀጠልኩበት። ሃያ ምናምን ሁዳዴ፣ በየዓመቱ ጄኔራሏ እያለ ሲያሾፍብኝ፣ አንድም ቀን አልነገርኩትም። እኔ፣ ይቺ አፏ የማያርፍ ሴትዮ።

የዛን ጊዜ ጾም ነኝ ብትል የሚገባው ፈረንጅ አልነበረም። አሁን የልጄ ትምህርት ቤት የጾም ምግብ ለብቻው መስመር አለው፣ ነርሷም አበሻ ናት። ሁሉም ነገር ቀሏል። ያ ሳሎን የሚገባው እንግዳ ግን አሁንም በጓሮ ይመጣል፣ ኬንት ድረስ፣ ያለ አድራሻ።

ስለዚህ ማክሰኞ ማታ አዲስ ሳንድዊች ሠራሁና ልጄ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ነገ ምሳሽን ብዪ አልኳት። ሁሉም ያዩሻል። ለምን ቢሉሽ አትናገሪ፣ እናቴ ናት እንኳን አትበዪ። እሁድ ከንስሐ አባትሽ ጋር እናወራለን። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች።

«ዛትስ ሶ ሃርድ፣ ማም» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ» አልኳት። አባ የሰጡኝን ያቺን አጭር ጸሎትም ነገርኳት።

ናሆም ከሳሎን ሆኖ፣ ምሳ የመብላቱን ጉዳይማ ለባለሙያዋ ተዉላት ብሎ ሳቀ። ድዱ እስኪታይ። መልሱ አፌ ላይ መጣ። ከፊቴ ያለውን የሳንድዊች ቁራጭ አንስቼ ጎረስኩ።

እዚህ ላይ መጻፌም አያስፈራኝም። ባሌ አማርኛ ማንበብ አይችልም።