ሳትደርቅ መንገድ የለም

አያቴ ካረፉ ሁለት ወር ሆናቸው። ስለ ደግነታቸው ሌላው ይጻፍ፤ እኔ የማልረሳው መዳፋቸውን ነው። ጠዋት ጠዋት ደጃችን ያለው ዋርካ ላይ ተደግፋ የቆመችውን የደንገል ታንኳቸውን ሆዷን ይዳስሱ ነበር። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ሐይቅ ገብታ የወጣች ታንኳ ሳትደርቅ ሰው አይቀመጥባትም። እሳቸው ግን ነገሩን ለሁላችንም ሕግ አደረጉት። ታንኳዋ እርጥብ ከሆነች መራዊ ገበያ የሚሄድ እንኳ ከቤት አይወጣም።

"አባባ፣ አውቶቡስ በደንገል አይሠራም እኮ" አልኋቸው አንድ ቀን።

"አንች እግር የማያርፍልሽ፣ ሳትደርቅ መንገድ የለም አልሁ።"

እኔ ደግሞ ባሕር ዳር አልበቃኝም፤ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ። ከቀብራቸው ወዲህ ታንኳዋን ውኃ ላይ ያወረዳት የለም፤ ዝናብም አልጣለም። ግን በዳሰስኋት ቁጥር ሆዷ እርጥብ ነው። እናቴ ልትነካት ትፈራለች፤ የእኔን መዳፍ ነው የምትጠብቅ። ቲኬት ከቆረጥሁ በኋላ ታንኳዋ ሁለት ጊዜ አስቀረችኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ብቀር ሥራው ለሌላ ሰው ነው።

ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ "ደረቀች?" አለችኝ።

ውኃው በጣቶቼ መሃል እየወረደ "ደርቃለች" አልኋት።

"ተመስገን። እንግዲህ አባባ ፈቅደውልሻል፤ ሂጂ።"

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸሽጌ ተሰናበትኋት።

አባባ፣ ዋሽቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። አውቶቡሱ መራዊን አልፏል። እጄን ደጋግሜ ጠርጌዋለሁ፤ ይኼን የምጽፍበት ወረቀት ግን ከመዳፌ ሥር እየራሰ ነው።