ያላየሁት ወንጌል

ባለፈው ጥቅምት ሰቆጣ ባደርኩበት ሆቴል፣ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ «ከሆቴላችን አቅራቢያ የሚጎበኙ ታሪካዊ ቦታዎች» የሚል ወረቀት በመስተዋት ተከድኖ ተሰቅሏል። የሄድኩት ለጉብኝት አልነበረም። ሐኪሙ ልጄ እዚያ ተመድቦ ስለነበር የሚኖርበትን ቤት ልይለት ብዬ ነው፤ እናት መቼም ሰበብ አታጣም። በባጃጅ መጥቶ እስኪወስደኝ ድረስ ቆሜ ወረቀቱን ማንበብ ያዝኩ። አንደኛው የዋግ ሹሞች የጥንት መኖሪያ ነው። ሁለተኛው የቀደሙት ሰዎች አስከሬን ያረፈበት፣ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ አንዲት ትንሽ የአለት ቤተ ክርስቲያን ይናገርና እንዲህ ብሎ ይጨርሳል፦ «በውስጧም ሥዕል ያለበት ጥንታዊ የብራና ወንጌል በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወንጌሉን ግን አይቼው አላውቅም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከጎጃም ደጋ፣ ሣር ከማይደርቅበት አገር፣ ቅርስ መዝጋቢ ተብዬ ሰቆጣ ተመደብኩ። ከወልድያ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ውሎ፣ አቧራ ለብሼ ስወርድ ያየሁት ድንጋይ ብቻ ነበር። ያከራዩኝ ሴትዮ የማሽላ ቂጣ በነጭ ማር አቅርበውልኝ፣ ማሩን እየላስኩ አለቀስኩ። እሳቸውም፣ «ብይ፣ እቴ። እዚህ አገር የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ሲሄድም ያለቅሳል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ስሄድም አልቅሻለሁ፤ ግን እሳቸው ባሰቡት ምክንያት አልነበረም።

አለቃችን በየስብሰባው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለት ይወዱ ነበር። ሥራችን በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞርን ንብረቱን በቅጽ መሙላት ነው። ቅጹ የዕቃው ስም፣ የሰጪው ስም፣ ያለበት ሁኔታ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ግርጌው ላይ «በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ» የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ይፈረማል። ወደ ዕቃ ቤት ሴት ስለማትገባ ሁልጊዜ ከሥራ ባልደረባዬ ከአስናቀ ጋር ነበር የምሄደው። እሱ ገብቶ ያያል፣ እኔ ደጅ ሆኜ እጽፋለሁ። በዚያ ሰኔ ግን አስናቀን ወባ ጣለው። ሰኔ ሠላሳ ሪፖርት ይዘጋል፤ የቀረችን አንዲት ቤተ ክርስቲያን ናት። አለቃችን «ብቻሽንም ቢሆን ሂጂና ጨርሻት» አሉኝ። እኔም ገና የሙከራ ጊዜዬን ያልጨረስኩ ነበርኩና እሺ አልኩ።

ሦስት ሰዓት ያህል በእግሬ ተጓዝኩ። ደመናው ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ተሸክሞ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ ገደል ሥር ተወሽቃ፣ ከሩቅ በር እንኳ ያላት አትመስልም። የንብረቷ ጠባቂ ቄሰ ገበዝ ወልደ ትንሣኤ ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በጠፍር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ሴቶች ቆመው ከሚያስቀድሱበት የአለት ጥላ ሥር አስቀመጡኝና እፍኝ ሙሉ የሽምብራ ቆሎ ሰጡኝ።

«ሰውዬው የት አለ?» አሉኝ።

«ታሟል አባ። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ቆሙ፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ከአባታቸው፣ አባታቸውም ከአያታቸው በቃል የተቀበሉት ነው። «ድባብ፣ የሰጠ ኃይለ ሚካኤል፤ ነፍሱን ይማር። የብር መስቀል፣ የሰጠች ወለተ ማርያም፤ ነፍሷን ይማር። ሥዕል ያለበት ብራና ወንጌል፣ የሰጠች ወለተ ሥላሴ፤ ነፍሷን ይማር።» በእያንዳንዱ ስም ላይ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ እጽፋለሁ፣ ቆሎውንም እቆረጥማለሁ። አሥራ አንድ ዕቃ ቆጠሩ። ሲጨርሱ ገብተው የብሩን መስቀል በጋቢያቸው ሸፍነው አወጡልኝ፤ ተሳለምኩት። እውነትም ያማረ መስቀል ነበር። ሌላውን ላውጣልሽ ሳይሉኝ፣ እኔም ሳልጠይቅ፣ ዝናቡ መጣ። ከዚያ ወዲያ የማስበው ወንዙ ሳይሞላ መሻገርን ብቻ ነበር።

ማታውን ቤቴ ሆኜ ቅጹን ሞላሁ። «ያለበት ሁኔታ» የሚለውን ዓምድ አልጠየቅኳቸውም። አሥራ አንዱም ላይ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብዬ ከላይ እስከ ታች ጻፍኩና ፈረምኩ። ሪፖርታችን በሰዓቱ ደረሰ፤ አለቃችንም አመሰገኑኝ። በክረምቱ ከዚያው ቅጽ ላይ ተቀድቶ የጎብኚ በራሪ ወረቀት ታተመ። አንዱን ለእናቴ ላክሁላት። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ግን ለመጣው ሁሉ ታሳይ ነበር አሉ።

ኅዳር ላይ ከበላይ አጣሪዎች መጡ። በየቦታው ቅርስ እየተሰረቀ ነበርና መዝገብ ከዕቃ ጋር ያመሳክራሉ። እዚያችም ቤተ ክርስቲያን አብሬ ሄድኩ። ወንዶቹ ገቡ፣ እኔ ያው የአለቱ ጥላ ሥር ቀረሁ። ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሯል። ከአሥራ አንዱ የተገኘው ሰባት ነው። ወንጌሉ የለም።

«አባ፣ ወንጌሉ የት ገባ?» አለ ትልቁ አጣሪ።

«እሱማ በአያቴ ዘመን ተቃጥሏል» አሉ ቄሰ ገበዝ፤ ምንም አልደነገጡም። «ድባቡም አርጅቶ አልቋል።»

«ታዲያ ለምን አለ ብለው አስመዘገቡ?»

«አለ አላልኩም። የሰጡትን ነው የጠራሁት። ዕቃው ቢጠፋ የሰጪው ስም ይጥፋ እንዴ? ስሟን ካልጠራሁላት ለወለተ ሥላሴ ማን ይጸልይላታል?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በቃል ይዘውት የኖሩት የሙታን መታሰቢያ ነው። ለአምስት ወር በሣጥናችን የተቆለፈው ቅጽ ግን የንብረት መዝገብ ነው። አጣሪው ወረቀቱን ገልጦ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበው፤ ቀጥሎም ፊርማዬን አሳየ። ቄሰ ገበዝ ወደ እኔ ዞሩ። በፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ትረዳኛለች ብለው ነው ያዩኝ።

«ልጄ፣ እስቲ ንገሪያቸው። እኔ ምን አልኩሽ?»

አላየሁም ብል፣ በሐሰት ፈርሜያለሁ ማለት ነው። ሥራዬ ያበቃል። በየወሩ ከደመወዜ የምልክላት እናቴ፣ ያ የምታሳየው ወረቀት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታየኝ።

«እንደነገሩኝ ነው የጻፍኩት» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሽማግሌው ጠፍሩን ከአንገታቸው አውጥተው ቁልፉን ደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ አኖሩት።

ወደ ከተማ ወስደው ጥቂት ቀን አቆዩአቸውና ማስረጃ ስላልተገኘ ለቀቋቸው። ገበዝነቱ ግን ለሌላ ተሰጠ። በጥር ሳልታይ ሄጄ ነበር፣ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ። ቅዳሴ ላይ ደረስኩ። ስሜ ከሌብነት ሳይነጻ አልገባም ብለዋል አሉ፤ ከውጭ፣ የሴቶቹ ቦታ፣ ያ እኔ ቆሎ የቆረጠምኩበት አለት ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ሃያ እርምጃ ያህል ቀርቶኝ ተመለስኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። በሚቀጥለው ዓመት ዝውውር አግኝቼ አገሬ ገባሁ። መሞታቸውን ከአስናቀ ደብዳቤ ላይ ነው ያነበብኩት።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ፊት ቆሜ ተመለሰብኝ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ሳነብ አይታኝ ኖሮ ቀረብ አለች።

«ወንጌሉ እንኳን አሁን የለም፣ እማማ። ወረቀቱ ድሮ የተጻፈ ስለሆነ ነው። ገበዙ ሸጦት ነው ይላሉ።»

ሸጦት። አንቱታውን እንኳ አስቀርተውባቸዋል።

«አልሸጡም» አልኳት። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። «ወንጌሉ እሳቸው ሳይወለዱ የተቃጠለ ነው። አለ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ቀልድ እንዳልሆነ ገባት መሰለኝ። «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?» አለችኝ፣ በክፋት ሳይሆን እንዲያው ለማወቅ ፈልጋ። ልጄ ውጭ ባጃጅ ላይ ሆኖ ይጠራኛል። ወጣሁ። «ምን ሆነሻል እማዬ?» ሲለኝ «ፀሐዩ ነው» አልኩት፤ ለእሱም ዋሸሁ።

አለቃችን እውነታቸውን ነበር፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ያቺ ከተማ ያላየሁትን ወንጌልና ያልነበረን ሌባ ከእኔ ወርሳለች። ስለዚህ አሁንም በጽሑፍ ላስቀምጠው፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ በዚያው ቅጽ ሥርዓት። የዕቃው ስም፦ ሥዕል ያለበት ብራና ወንጌል። የሰጠች፦ ወለተ ሥላሴ፤ ነፍሷን ይማር። ጠባቂ፦ ቄሰ ገበዝ ወልደ ትንሣኤ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ያለበት ሁኔታ፦ የለም። በዓይኔ አላየሁም።