የዱባ ትንፋሽ

ልጅ ሳለሁ ከጅብ ይልቅ የምፈራው ሳልን ነበር። ጅቡ ከእንጦጦ ወርዶ በራችን ላይ ቢጮህ፣ አያቴ በተረታቸው ያሞኙታል፤ ሳልን የሚያሞኝ ተረት ግን አልነበራቸውም።

ያን ክረምት የታመመችው ዱባ ነበረች። ዱባ ጊኒ ፒግ ናት፤ ከአይጥ የምትበልጥ፣ ከጥንቸል የምታንስ፣ ጅራት የሌላት። ላምበረት መናኸሪያ ሻንጣ የሚያወርደው አጎቴ ነው ገና ትንሽዬ ሆና በካርቶን ያመጣልኝ። እማዬ ስታያት «አይጥ ስናባርር ኖረን፣ አሁን ደግሞ አይጥ ልንቀልብ!» አለች፤ ጎመን በከተፈች ቁጥር ግን ለዱባ የምታስቀርላት እሷው ነበረች።

መጀመሪያ አስነጠሳት፤ ሳቅን። በማግስቱ አፍንጫዋ ረጠበ፣ ዓይኗ ተጣበቀ፣ ጎመኑን አሽትታ ተወችው። ጆሮዬን ሳስጠጋ ከደረቷ ውስጥ ሲር ሲር የሚል ነገር ሰማሁ። ትሞትብኛለች ብዬ ወደ እማዬ ሮጥኩ።

ያኔ በእኛ ቤት ጉንፋን የያዘው ሰው ነፋስ እንዳይመታው በርና መስኮቱ ተዘግቶ በባህር ዛፍ ቅጠል ይታጠናል። ለዱባም ያንኑ አደረግንላት። እማዬ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፈች፤ አያቴ ከእንጦጦ ያመጡትን ቅጠል በከሰል ምድጃው ፍም ላይ በተኑት፤ እኔም ዱባን በሻርፕ ጠቅልዬ ከምድጃው ሥር ተቀመጥኩ። መብራት ስለሄደ ሻማ ለኩሰን ነበር።

አያቴ እንዳልፈራ ብለው የጦጢትንና የነብርን ተረት ጀመሩልኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንደ ነብሩ ሲያገሱ እጮህ ነበር፤ ያን ምሽት ግን ጆሮዬ ከሻርፑ ውስጥ አልወጣም። ጭሱ እየወፈረ ሲሄድ ዱባ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አደረገች፤ ጎኗ እንደ ወናፍ ይመታ ጀመር።

«አባባ! አፏን ከፈተች!»

አያቴ ተረት ጀምረው አቋርጠው አያውቁም፤ እንግዳ ሲገባ እንኳ በእጃቸው ቁጭ በል ብለው ይቀጥላሉ። ያን ጊዜ ግን ዝም አሉ። ጎንበስ ብለው አዳመጧት።

«ይቺ አየር አጥታለች። መስኮቱን ክፈቺው!»

«ውይ አባባ፣ በዚህ ብርድ? ነፋስ ይገድላታል!» አለች እማዬ።

«ነፋሱ እስኪገድላት ጭሱ ይጨርሳታል! ክፈቺ አልኩሽ!»

እማዬ ጨርቁን እየጎተተች «ብትሞት እኔ የለሁበትም» ትላለች። አያቴ ምድጃውን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው ደጅ ዝናቡ ላይ አስቀመጡት፤ ፍሙ ትሽሽ ብሎ ጠፋ። ተመልሰው ዱባን ጋቢያቸው ውስጥ ከደረታቸው ላይ አስተኟት። ማናችንም አልተነፈስንም፤ የምትተነፍሰው እሷ ብቻ ነበረች። ብዙ ቆይታ አፏን ገጠመች፤ ትንፋሿም ረጋ አለ።

ሲነጋ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ «ሳንባዋ ታሟል፤ ጭስ አጠገብ እንዳትደርስ፤ የሰው ኪኒን ደግሞ እንዳትሰጧት፣ ይገድላታል» ብሎ የሚጠጣ መድኃኒት ሰጠን። መርፌ በሌለው ስሪንጅ ውኃና የላመ ጎመን እያጠጣኋት ሰነበትኩ። ቤቱ ያለ ምድጃ በረዶ ሆነ፤ አያቴ ካፖርታቸውን ደርበው ተቀመጡ እንጂ እሳት አስገቡልኝ አላሉም። አንድ ቀን እማዬ ጎመን ስትከትፍ ካርቶኑ ውስጥ ዱባ ስትርባት የምታሰማውን ፉጨት ሰማን። እማዬ ቢላዋዋን አስቀምጣ «አይጧ ራት ጠየቀች!» ብላ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

አሁን እኔም እናት ነኝ። ተረት መናገር ከአያቴ አልወረስኩም፤ ስጀምረው ይጠፋብኛል። የወረስኩት ያን ዝምታቸውን ነው። ልጄ ባስነጠሰ ቁጥር ጎረቤቶቼ «ኧረ በሩን ዝጊ፣ ነፋስ ይመታዋል!» ይሉኛል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደርጋለሁ። እሱ «እማ፣ ፀጉርሽ ይኮረኩረኛል» እያለ ይንፈራገጣል፣ ይስቃል። እኔ ትንፋሹን በደንብ ሳልሰማ አልስቅም።