በሐሰት ወላሂ ያስባረርኳት ወጥ ሠሪ

ለባሌ ያልነገርኩትን፣ ለእናቴ ያልተነፈስኩትን፣ ሶላቴ ላይ እንኳ «አላህ ያውቀዋል» ብዬ በላዩ የማልፈውን ነገር ዛሬ ለእናንተ ልጽፍ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ በፊደሌ አትፍረዱብኝ። በሥራዬ ግን ፍረዱብኝ።

የመርሳ ሰው ነኝ። መንገድ ዳር ማንጎና ፓፓያ እሸጣለሁ። ሐያት የምትባል ልጅ አለችኝ። ትንሽ ሳለች ሆዷ ይነፋ፣ እግሯ ይቀጥን፣ የበላችው ሁሉ ሳይሆናት ይወጣ ነበር። ዱዓ አስደረግንላት፣ ዓይን ነው ተባለ፣ ቅጠሉም ተጨመቀ። በመጨረሻ አባቷ ደሴ ወሰዳት። ሐኪሙ «የዚች ልጅ አንጀት ስንዴና ገብስ አይችልም፤ ቁራሽ ዳቦም ቢሆን እንዳትቀምስ» አለ። ስንዴ ስትተው ልጄ ሰው ሆነች። ጉንጯ ሞላ፤ ከእኩዮቿ ጋር ሮጠች።

አማቴ ግን ይህን ነገር አልተቀበሉትም። «ስንዴ ልጅ ሲጎዳ የት አየሽ? እኛ ምን በልተን አደግን?» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ዞር ስል የስንዴ ቂጣ ሰጧትና ልጅቷ ታማ ወደቀች። ባሌ ሰይድ እናቱን መናገር አልቻለም፤ በእኔ ላይ ዞረ። «ዳግመኛ እንዲህ ከሆነች ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ ወስጄ አስቀምጣታለሁ። አንቺ ልጅ መጠበቅ አልቻልሽም» አለኝ። ሰይድ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ልጄ ባስነጠሰች ቁጥር ልቤ ይወርዳል።

ፈሪ ነበርኩ ብዬ ላመልጥ አይደለም ይህን የምነግራችሁ። ነገሩን ከሥሩ እንድታውቁት ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ የኢድ ማግስት ሰይድ ሁላችንንም ወልድያ ወሰደን። ከከተማው ወጣ ብሎ የልጆች መጫወቻ ያለው ሪዞርት አለ፤ የሚሽከረከሩ ፈረሶች፣ ትንሽ ባቡር፣ መዋኛ፣ ከጎኑም ምግብ ቤት። ሐያት ፈረሶቹን ስታይ እጄን ለቃ በረረች። ምግብ ሲታዘዝ የልጄን ነገር ለአስተናጋጁ በጆሮው ነገርኩት። አማቴ እንዳይሰሙ ነው። በገዛ ልጄ በሽታ አፍር ነበር። እናት በዚህ ታፍራለች?

ጥቂት ቆይቶ ወጥ ሠሪዋ ራሷ ሽርጧን እንዳደረገች ወጣች። ትዕግስት የምትባል ወጣት ናት።

«ከስንዴ ጋር የተጣላችው የቷ ናት?» አለች እየሳቀች።

«እኔ ነኝ!» አለች ሐያት።

«አይዞሽ የኔ እመቤት። እኔም ከሽንኩርት ጋር ተጣልቻለሁ፤ ጠዋት ማታ ያስለቅሰኛል። የኔው ግን እንጀራዬ ስለሆነ አልተወውም።»

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ የእኛ እንጀራ ገብስ ይገባበታል፤ እሱን እንዳትሰጫት። ሩዝ በድንችና በእንቁላል ለብቻዋ በሌላ ድስት እሠራላታለሁ። ማንኪያውንም ለብቻ አደርጋለሁ» አለች። እንዳለችውም ከድና ራሷ አመጣችው። ልጄ ጠረጴዛ ላይ ለእሷ ብቻ የተሠራ ምግብ ሲመጣላት የመጀመሪያዋ ነበር። እንደ ሙሽራ ቀጥ ብላ ተቀምጣ በላች።

ሰይድ ለዙህር ሶላት ወጣ። ይህን ጊዜ አማቴ ከዘንቢላቸው የበዓሉን ዳቦ አወጡ።

«ነይ የልጄ ልጅ፣ ይቺን ቅመሺ። ትናንት ዱዓ የተደረገበት ነው።»

«እናቴ፣ ሐኪሙ እኮ...» አልኩ።

«ዱዓ የተደረገበት እህል ሰው አይጎዳም። ወይስ ልጄ ቤት ገብተሽ ዱዓ መናቅ ጀመርሽ?»

በዙሪያችን ሰው ነበር። ዱዓ ናቀች እንዳልባል ፈራሁ። ዳቦውን ከእጃቸው ተቀብዬ ቆረስኩ። እኔ ነኝ የቆረስኩት።

«እማ፣ ያመኛል» አለች ሐያት በቀስታ።

«ትንሽ ናት፤ ብዪ።»

እኔ ነኝ ብዪ ያልኳት። በዚህ በምጽፍበት እጄ ነው ያጎረስኳት። አማቴ አላጎረሷትም፤ እኔ ነኝ። ልጄ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል አላምጣ ዋጠች።

ቀኑ ሳይመሽ ፈረሱ ላይ እያለች አስመለሳት። ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተጠቀለለች፤ ልብሷም ተበላሸ። ሰው ተሰበሰበ። ሰይድ እየሮጠ መጥቶ «ምን አበላችኋት?» ብሎ ጮኸ። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። በዚያች ቅጽበት ልጄ አልታየችኝም፤ የታየኝ ኮምቦልቻ ነው፣ ባዶ አልጋዋ ነው። ትዕግስትም ሰምታ ከኩሽና እየሮጠች መጣች። ጣቴን ቀሰርኩባት።

«እሷ የሠራችው ነው!»

የሪዞርቱ ባለቤት እርጋታ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ትዕግስትን ጠየቋት፤ «ኧረ ጋሼ፣ ስንዴ የሚባል አላስነካሁም» አለች። ወደ እኔ ዞሩ።

«እህቴ፣ ልጅቷ ከእኛ ምግብ ሌላ የቀመሰችው ነገር አለ?»

«የለም።»

«ወላሂ በዪኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠይቅሽም።»

እኛ አገር ወላሂ ከተባለ ነገር አለቀ። ከዚያ በላይ የሚመረምር ሰው ነውረኛ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይህን ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። አማቴን አየኋቸው፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሰይድን አየሁት።

«ወላሂ» አልኩ።

ትሟገተኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ትሰድበኛለች፣ ቦርሳችሁ ይፈተሽ ትላለች ብዬ ነበር። ትዕግስት ግን ፊቷ ተለወጠ። «ወላሂ ካለችማ...» አለች፣ «እናት በልጇ አትዋሽም። እኔ ነኝ ማለት ነው። ጨርቁ ላይ ዱቄት ነበረ ይሆናል። ልብ አላልኩም ይሆናል።» ሽማግሌውም አዝነው «ልጄ፣ እንግዳ ታሞብን ከእንግዲህ እዚህ መሥራት አትችዪም» አሏት። ሽርጧን ፈታች። ስትወጣ በሐያት አጠገብ ተንበርክካ «ይቅር በዪኝ የኔ እመቤት» አለቻት።

ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት! እኔ ቆሜ አየሁ። አሁንም ቃሌን መመለስ እችል ነበር። አፌ ውስጥ ምላስ አልነበረኝም? ነበረኝ። ልጄን አቅፌ ወደ ባጃጁ ሄድኩ።

ባጃጅ ውስጥ ወደ ክሊኒክ ስንሄድ ሐያት ጉልበቴ ላይ ሆና «እማ፣ ዳቦው ነው እኮ» አለች። አባቷ ከፊት ተቀምጧል። አፏን በመዳፌ ከደንኩት። ልጄ አልሐምዱሊላህ ዳነች። ስለዚያ ቀን ግን ዳግመኛ አፏን ከፍታ አታውቅም። ዝምታን አስተምሬያታለኋ።

አማቴ አልፈዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። እስኪያልፉ ድረስ በመሐላችን ያ ነገር ተነስቶ አያውቅም። በእሳቸው አላላክክም። እሳቸው የሚያምኑትን አደረጉ፤ እኔ የማውቀውን ነው የካድኩት።

ባለፈው ከሐራ ከተማ ለሽንኩርት የምትመጣ ነጋዴ ደንበኛዬ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ስታወራ፣ «ጎረቤቴ አንዲት ልጅ አለች፣ ሳልባጅ ልብስ ትሸጣለች። ድሮ ወልድያ ወጥ ሠሪ ነበረች፤ አሁን ለሰው ምግብ አልሠራም ብላ ምላለች። ልቅሶ ቤት እንኳ ድስት አትነካም፤ ውኃ ነው የምትቀዳው። አንዲት ሕፃን በእጄ ልትሞት ነበር ትላለች» አለችኝ። ማንጎው ከእጄ ወደቀ። ሥራዋን ብቻ ያሳጣኋት ይመስለኝ ነበር። ለካ እጇንም እንድትፈራው አድርጌያታለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ያልሠራችውን ኃጢአት ተሸክማ ስትኖር እኔ ሶላቴን እየሰገድኩ፣ ልጄን አቅፌ አድሬያለሁ። ይህን ምን ይሉታል?

ይህ ጽሑፍ እናንተ ዘንድ ሳይደርስ ለሰይድ እነግረዋለሁ። ሐያትን ይወስዳት ይሆናል፤ አላውቅም። ከእሱ በኋላ ሐራ እወርዳለሁ። የሪዞርቱ ሽማግሌም ዘንድ ሄጄ ያንን ወላሂ ባልኩበት ቦታ ቆሜ እናገራለሁ። ፊታቸውን ቢያዞሩብኝ አይፈረድባቸውም።

እናንተን አፉ በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ምናልባት ከእኔ እግር ቀድሞ ይህ ወረቀት ሐራ ከደረሰ፣ ማንበብ የምትችሉ አንብቡላት። ትዕግስት፣ ጨርቅሽ ላይ ዱቄት አልነበረም። ማንኪያሽም አልተነካካም። ልጄን የመረዝኳት እኔ እናቷ ነኝ። ያንቺ ምግብ ንጹሕ ነበር።